መልሕቅ ይጣላል፣ ማዕቀብም ይጣላል

ጀልባ ቀዛፊው ወጣት ከዳር ትንሽ ራቅ ካለ በኋላ መቅዘፊያውን አሳረፈና ከእግሩ ሥር በገመድ የታሰረች ድንጋይ አንሥቶ ወደ ውሃው ለቀቃት። ድንጋይዋ እየደበዘዘች ወረደች። ቀጥሎ ዐረፋ ብቅ ብቅ አለ፤ ከዚያ ከሥር ቡናማ ደመና ተነሥቶ እስከ ጀልባው ጎን ድረስ መጣ። ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ በተባለው ውሃ ላይ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ዛፍ የለበሰ መሬት ፊት ለፊት ነበርን።

«ውሃው ደፈረሰ» አልኩት።

«አብሽር ጋሼ፤ ይጠራል» አለኝ።

አብሽር የወሎ ቃል ነው፤ ከዐረብኛ የመጣ፣ ትርጉሙም «ደስ ይበልህ፣ መልካም ዜና ስማ» የሚል። ወሎዬ ግን ማጽናኛ አድርጎታል፤ አይዞህ የሚባልበት ቦታ ሁሉ አብሽር ይባላል። «ይጠራል» ደግሞ የሁላችንም ነው። ልጁ ባይጨርሰውም ተረቱን ሁላችን እናውቀዋለን፦ ሳይደፈርስ አይጠራም። ለጠብና ለዕርቅ፣ ለፖለቲካና ለትዳር ስንጠቀምበት ኖረናል። ይሁን እንጂ ይህ ተረት የማይሠራባቸው ውሃዎች በዓለም ላይ አሉ፤ አንድ ጊዜ ከደፈረሱ ቢጠሩም የማይጠሩ። እንዲህ ባሉት ላይ መልሕቅ መጣል በሕግ ይከለከላል። ይህን ክልከላ በአማርኛ ምን እንደምንለው ሳስብ ነው ከጀልባው ሳልወርድ ቃላቱን አንድ በአንድ መነካካት የጀመርኩት።

ከቦታው ልጀምር። በግእዝ ሐይቅ ማለት ውሃው አይደለም፤ ዳሩ ነው። ሐይቀ ባሕር ሲባል የባሕር ጠረፍ፣ ውሃና የብስ የሚነካኩበት አሸዋማው ጠርዝ ማለት ነው። ውሃው ራሱ፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ባሕር ይባላል። ጥልቁ ደግሞ ቀላይ ነው። ትግርኛ ከሦስቱ ቀላይን መርጦ ለሐይቅ ስም አደረገው፤ አማርኛ ዳሩን መረጠ። ጎረቤታሞቹ ልጆች ከአንድ እናት ቤት ዕቃ ሲካፈሉ አንዱ ጥልቀቱን ይዞ ሄደ፣ ሌላው ጠርዙን። ስለዚህ ዛሬ «ሐይቅ ዳር» ስንል በግእዝ ጆሮ «የዳር ዳር» ማለታችን ነው።

ጣና ዳር ያለችው ከተማ ስሟ ባሕር ዳር ነው። አማርኛ ነው፤ ባሕር የተባለውም ጣና ነው። የወሎዋ ከተማ ሐይቅ ትባላለች። ስሙን በግእዙ ከወሰድነው ሁለቱ ከተሞች አንድ ስም ነው ያላቸው። አንዷ በአማርኛ ባሕር ዳር፣ ሌላዋ በግእዝ ባሕር ዳር። ይህን ለሁለቱም ከተማ ሰዎች ነግሬ አንዳቸውም ደስ ሲላቸው አላየሁም።

ዳር እንዴት ውሃ ሆነ? እኔ የምጠረጥረው መነኮሳቱን ነው። የመልክዐ ምድርን ቃል ከቦታው ማንቀሳቀስ የገዳማውያን ልማድ ነው። ገዳም በግእዝ ጫካ፣ ዱር፣ ሰው የሌለበት ሜዳ ነበር፤ መነኮሳት ገቡበትና የመኖሪያቸው ስም ሆነ። ደብር ተራራ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ተሠራበትና ሕንጻው ስሙን ወረሰ፤ ዛሬ ሜዳ ላይ ያለ ደብር ሞልቷል። ሐይቅም በዚሁ መንገድ የሄደ ይመስለኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ መጥቶ እዚህ ሲቀመጥ፣ ቦታው የአገሪቱ ትልቅ የትምህርት ቤት ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተማሪው ነበር። ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣ ተማሪ «ሐይቅ ነበርኩ» ሲል፣ የሰማው ሰው ዳሩን ከውሃው የሚለይበት ምክንያት አልነበረውም። ስም ከዳሩ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ከዚያም የአገሪቱ ውሃዎች ሁሉ የወል ስም ሆነ።

የአካባቢው አፈ ታሪክ ሳይቀር ዳሩን ያከብራል። አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ እሷ የተቀመጠችባት ብቻ ደረቅ ሆና ቀረች ይላሉ፤ ያች ናት የእስጢፋኖስ ደሴት። ደሴትነቷ ግን ቀርቷል። ውሃው ሸሽቶ ዛሬ በእግር የሚገባባት ልሳነ ምድር ናት። (ደሴ ከተማን ከደሴት ጋር ማዛመድ የሚወድ ሰው አይጠፋም። ዝምድና የለውም፤ ስሙን ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደስታ እንዳወጡት ነው የሚተረከው።)

የተቀመጥኩበት ዕቃ ጀልባ ነው። ቃሉ የቀይ ባሕር ነው፤ ዐረቦቹ ጀልባ የሚሉት ምስማር የሌለው፣ ሳንቃው በገመድ የተሰፋ መርከብ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን የአንዳሉሱ ተጓዥ ኢብን ጁበይር ቀይ ባሕርን ሲሻገር በዚሁ ስም ጽፎታል። መርከብም ዐረብኛ ነው፤ «መሳፈሪያ» እንደ ማለት። ግእዝ ረከበ ሲል ግን «አገኘ» ማለቱ ነው፤ ስለዚህ ለመርከብ የራሱ ቃል አለው፤ ሐመር ይባላል። ሐመር ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን አጥር አልወጣችም፤ ማኅበረ ቅዱሳን የሚያሳትማት መጽሔት ስም ናት። ታንኳ ግን የደጋው የራሱ ነው፤ ከደንገል የሚታሰረው የጣና ታንኳ ከእነዚህ ከሁሉም ይቀድማል ብዬ ብናገር የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

መልሕቅን ባሕር የሌለው ደገኛ ከየት አገኘው? ከመጽሐፍ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የጳውሎስ መርከብ በማዕበል ሲናጥ መርከበኞቹ ከኋላዋ አራት መልሕቅ ይጥላሉ፤ ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት ተስፋ የነፍስ መልሕቅ ሆኖ ይመሰላል። ብዙ ትውልድ ቄስና ደብተራ ብረቱን ዐይቶ ሳያውቅ ቃሉን ሲያነብና ሲተረጉም ኖረ። እኛ ዘንድ መልሕቅ መጀመሪያ ምሳሌ ነበር፤ ዕቃ የሆነው ኋላ ነው።

በሥርወ ቃሉ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ሊቅ» የሚለው ቃል ልህቀ ከሚለው ግእዝ ነው፤ አደገ፣ አረጀ፣ ታላቅ ሆነ ማለት ነው። ልሂቅም ከዚያው ነው። ዛሬ ሀ እና ሐን ለይቶ የሚጽፍ ስለጠፋ፣ «መልህቅ» ብሎ የጻፈ ሰው ቃሉን ወዲያው ከሊቅ ጋር ያጋባዋል፤ መልሕቅ መርከቧን የሚያጸና ሽማግሌ ነው እያለ ስብከት ሲያሰማምር ሰምቻለሁ። ያምራል። ግን ልህቀ በሃሌታው ሀ፣ መልሕቅ በሐመሩ ሐ ነው፤ በግእዝ እነዚህ ሁለት ድምፆች ነበሩ፣ ሁለት ሥርም ያበቅላሉ። የሐመሩን ሐ ይዘን ወደ ዐረብኛ ብንሻገር ለሒቀ የሚል ግሥ እናገኛለን፤ ተከትሎ ደረሰ፣ ተያያዘ፣ ተጣበቀ ማለት ነው። መያያዝና መጣበቅ ለመልሕቅ ከእርጅና ይልቅ ይቀርበዋል። ተመሳሳይነቱን አሳየሁ እንጂ ውርስ ነው ብዬ አልፈርምም። ፊደል ስንቀንስ የምናጣው ግን እንዲህ ያለውን ምልክት መሆኑን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ አብዝተው ይቆረቆሩበት ነበር፤ ልክ ነበሩ።

ግሡም ልብ ይባል። መልሕቅ ይጣላል። ድንኳንም ይጣላል። አማርኛ ሰው ሊቆም፣ ሊሰነብት ሲል የሚጥለው ነገር አለው። ዕቁብ ይጣላል፣ ዕጣ ይጣላል፣ እምነት ይጣላል። ወደዚህ ግሥ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥር እንውረድ፤ ድንጋይዋ ወደወረደችበት። አማርኛ እዚህ ጋ ነው ሀብቱ የሚታየው። ጎርፍ አምጥቶ የሚያስተኛው አፈር ደለል ነው። ከፈሳሽ ውስጥ ከብዶ ወደ ታች የሰመጠው ሁሉ ዝቃጭ ነው፤ ከዘቀጠ የመጣ፣ ጥ ወደ ጭ የተለወጠበት። ዘቀጠ ዛሬ ለሰው ጠባይም ይሠራል፤ የዘቀጠ ሥነ ምግባር እንላለን፤ ቃሉ ከድስት ሥር ተነሥቶ እስከ ችሎት ደርሷል። ከጠላና ከቡና ሥር የሚቀረው አተላ ነው። ሥሩ የተኛለት፣ ከላይ የጠራ ውሃ ጠለለ ይባላል። ጠለለ እና ደለል በጆሮ ወንድማማች ይመስላሉ፤ አንዱ ላይ ሲሆን ሌላው ታች ነው። ዝምድናቸውን በመዝገበ ቃላት ማስረጃ ባላስደግፈውም ጆሮዬ አይለያቸውም። ለመደለል፣ ማለትም ለማባበልና ለመሸንገል፣ ያለንም ግሥ በዚያው ፊደል ነው የሚጻፈው። የተኛ ደለል ያየ ሰው ይህን አጋጣሚ ይወደዋል፤ ለስላሳ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ከበታቹ ያለውንም አይናገርም።

የመልሕቅ ክልከላ ፍልስፍና በሙሉ ያለው ደግሞ ጠላ ቤት ነው። እናቶቻችን ጠላ ሲቀዱ ጋኑን አይነቀንቁም። ጣሳው ወይም ቅሉ ከላይ ከላይ ይቀዳል፤ ልጅ ጋኑን ገፋ ካደረገ «አተላውን አነሣኸው!» ተብሎ ይገሠጻል። አተላው ጋኑ ውስጥ መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወጣውም፣ ማንም አይነካውም። ተኝቶ እስካለ ድረስ ከላይ ያለው ይጠጣል።

በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ የሚያልፈው የዊላሜት ወንዝ ሰዎች የደረሱበት ሐሳብ ይኸው ነው። በወንዙ ዳር ከ1944 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ማኮርሚክና ባክስተር የተባለ ድርጅት እንጨት ይነክር ነበር። የሚነከርበት ክሪዮሶት ነው፤ እኛ በመብራትና በስልክ እንጨት ላይ የምናውቀው ዓይነት ጥቁር፣ የሚሸት ዘይት። ዘይቱ ወደ ወንዙ ሠርጎ ከደለሉ ጋር ተዋሐደ። ቦታው በ1994 እ.ኤ.አ. ሱፐርፈንድ በሚባለው የአገሪቱ የተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ገባ። ሁሉን ቆፍሮ ማውጣት እንዳይታሰብ፣ መቆፈሩ ራሱ ያደፈርሳል። ስለዚህ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ የአሸዋና ዘይት የሚመጥ የሸክላ አፈር ክዳን በወንዙ ወለል ላይ አለበሱት። ከዚያ የአገሪቱ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደንብ አወጣ፦ በዚህ ክልል መልሕቅ መጣል፣ መጎተት፣ ወለሉን የሚወጋ ችካል መትከል ክልክል ነው። አንድ የመልሕቅ ጥፍር የዓመታት ክዳን ይቀድዳልና።

ምክንያቱ በሥራው ላይ ያለ ሰው በቀላሉ የሚያስረዳው ነው። ብረቶችና ዘይቶች ከደቃቅ ጭቃ ቅንጣት ጋር ይጣበቃሉ፤ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር የሚጣበቁበት ገጽ ይሰፋል። ከሥር ኦክስጂን ስለሌለ ብዙዎቹ እዚያው ታስረው ይቆያሉ። በየዓመቱ ንጹሕ ደለል ሲደረብባቸው ይበልጥ ይቀበራሉ። መልሕቁ ይህን ሲገለብጠው አየር ያለው ውሃ ይገባል፤ የታሰረው ይሟሟል፤ ትል ይበላዋል፣ ትሉን ዓሣ፣ ዓሣውን ሰው። ደፍርሶ የጠራ የሚመስለው ውሃ በዐይን ብቻ ነው የጠራው። የልጁ «ይጠራል» እዚህ ላይ አይሠራም።

ሩቅ ሄድኩ። ከሐይቅ ወደ ደቡብ፣ ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ አለ። ወደ ቦርከና ወንዝ በሚገቡት የኮምቦልቻ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፋብሪካዎች ፍሳሽ ጋር የሚመጡ ከባድ ብረቶችን ከውሃውም ከወለሉ ደለልም አግኝተዋል፤ ከቆዳ ማልፊያ የሚመጣው ክሮሚየም አንዱ ነው። ቦርከና ወደ አዋሽ ይወርዳል እንጂ ወደ ሐይቅ አይመጣም፤ መልሕቅ የሚጥል ጀልባም የለበትም። በቦርከና የመልሕቁን ሥራ የሚሠሩት አሸዋ የሚያወጣው አካፋና የክረምቱ ጎርፍ ናቸው። የሐይቅ ደለል መርዘኛ ነው እያልኩ አይደለም፤ ስለ ቃል እየጻፍኩ በሰው ዓሣ ገበያ ላይ ስም ማጥፋት አልፈልግም። ግን ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ውሃ ነው። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ የለም። ሐይቅ ከላይ የማይቀዳ ጋን ነው፤ የገባበት አተላ ይቀመጣል።

የተቀመጠው አተላ ደግሞ ሁሉ ክፉ አይደለም። ሳይንቲስቶች ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል በቱቦ የወጣ ጭቃ ውስጥ የአበባ ብናኝ ቆጥረው በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሦስት ሺህ ዓመት የወሎን ደን ታሪክ አንብበዋል። እስከ 500 ዓመተ ዓለም ገደማ ዝግባና ጽድ ነበር፤ ከዚያ ተመነጠረና ለ1800 ዓመት ያህል ክትክታና ሣር ነገሠ፤ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ጽዱ ከወይራ ጋር ተመልሶ መጣ፤ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት እንደገና ተመናመነ። ዳሩ ላይ ያለው ገዳም ከ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የኢየሱስ ሞዐን አራቱ ወንጌል ጠብቋል፤ ከውሃው ሥር ያለው መጽሐፍ ከዚያ በሁለት ሺህ ዓመት ይበልጣል፤ ገጹ ደግሞ ከብራና ይልቅ ይሳሳል። ከጀልባው የወረደችው ድንጋይ ስንት ገጽ እንደገለበጠች ባሰብኩ ቁጥር ልጁን ገመዱን እንዲስብ መንገር አማረኝ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በእንቁላል ጊዜው ጥልቀት በሌለው ወለል ላይ በአፉ ጎድጓዳ ጎጆ እንደሚቆፍር ትዝ ሲለኝ ግን ተውኩት። ለዚህ ውሃ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ እንግዳ የሆነው ዓሣ ራሱ ያደፈርሳል። እኔም ለነገሩ ከንግግር የማይዘል ጥንቃቄ ነው ያለኝ።

ወደ ክልከላው ቃል እንምጣ። ከለከለ አለን፤ የሚያስፈራ የመንገድ ሰሌዳ ቃል ነው። ከለለም አለን፤ ከበበ፣ ጋረደ፣ ጠበቀ፤ ክልልና ከለላ ከዚሁ ናቸው፤ የንጉሥ ራስ የሚከበው አክሊልም ሳይቀር። የተሻለ ነው። እኔ የምመርጠው ግን የሐይቅ የራሱ የሆነውን ነው።

ዐቀበ በግእዝ ጠበቀ ነው። ከዚህ ዐቃቤ ሕግ መጣ። ከዚህም ማዕቀብ መጣ፤ አገር በአገር ላይ የሚጥለው። ከዚህ ደግሞ ዕቀባ መጣ፤ በየተፋሰሱ እርከን ሲሠራ የአፈርና ውሃ ዕቀባ የምንለው። አንድ ሥር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንዱ ያግዳል፣ ሌላው ይንከባከባል። ከዚሁ ሥር ትልቁን ማዕረግ የያዘው ደግሞ የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ነበር። ዐቃቤ ሰዓት ይባላል፤ የሰዓት ጠባቂ። በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ማን ንጉሡን በየትኛው ሰዓት እንደሚያይ የሚወስን ሹም ነበር። ያ ሹመት የተቀመጠበት ደሴት ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው እንግዲህ ለመልሕቅ ክልከላ ቃል ስፈልግ የነበርኩት።

በዚያ ላይ ግሡ አለ፤ እመለስበታለሁ ያልኩት። መልሕቅ ይጣላል፤ ማዕቀብም ይጣላል። የዊላሜትን ደንብ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «መልሕቅ በመጣል ላይ ማዕቀብ ተጣለ» ቢል ቋንቋው ሳይጨነቅ ይሸከመዋል፤ አንዱ መጣል ሌላውን መጣል ይከለክላል። ሌላ ቋንቋ ይህን በአንድ ግሥ መጫወት መቻሉን እጠራጠራለሁ።

ሕጋችን ብክለትን ያውቀዋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ብክለት የገባበትን ውሃ በኬሚካል ስም ዘርዝሮ መከላከል ይቻላል። ዳር ላይ የሚተከለው ሰሌዳ ግን ለቀዛፊው ልጅ ነው የሚጻፈው፤ እሱ ደግሞ አዋጅ አያነብም። ስለዚህ አንድ ቀን፣ በሐይቅም ይሁን በጣና ወይም በሐዋሳ፣ የውሃው ወለል እንዳይነካ የሚል ሰሌዳ የምትጽፉ ባለሙያዎች ካላችሁ ልመናዬ ይኸው። «ሴዲመንት» አትበሉን። «የታችኛው ወለል ክምችት» አትበሉን። ጋን ሳይነቃነቅ ሲቀዳ ያየ ሰው ሁሉ የሚገባው ቃል አለን። እንዲህ ጻፉት፦ በዚህ ዕቀባ አለ፤ መልሕቅ አይጣል፣ ድንጋይ አይውረድ፣ አተላው እንዳይነሣ።